አደራ ለማን?

ልጅን ለሁለት ሳምንት ትምህርት ናይሮቢ መላክ ቀላል ይመስላችኋል? ሜሮን ከመምህሯና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ልትሄድ ስትነሳ፣ በሶ፣ ድርቆሽና የልደታ ማርያም ጸበል ሻንጣዋ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

“እማዬ፣ ናይሮቢም ምግብ አለ እኮ!”

ማን አይቶት?

ሜክሲኮ አደባባይ፣ ኮሌጇ በር ላይ፣ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ቆሟል። የመምህሩን እጅ ይዤ፣ “አደራዎን፣ ብቻዋን መንገድ እንዳትሻገር” አልኳቸው። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ መኪና ዕድሜ ይጠይቃል እንዴ?

“አይዞዎት እናቴ፣ እኔ እያለሁ!” አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው።

ይኼኔ የመምህሩ እናት እያለከለኩ ደርሰው የልጃቸውን አንገት በሻርፕ ጠመጠሙ። ከዚያ ወደ ሜሮን ዞረው፣ “ልጄ ብርድ አይችልም፤ አደራሽን” አሏት።

“አይዞዎት እማማ፣ እኔ እያለሁ!” አለቻቸው።

ጭንቀቴ ለቀቀኝ። ለካ ጉዞውን የምትመራው የኔዋ ናት!