ባጃጁ ላይ የጻፍኩት ቃል

እንግዲህ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ነው ተብሏል። አንዱ ሊያተርፍ ይነግዳል፤ ሌላው የሰው ችግር ሊያቃልል ይነግድና ያገኘውን መልሶ ለዚያው ችግር ያውለዋል። ይህኛውን «ማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪ» ይሉታል። የትኛው ይሻላል ብትባሉ ጣታችሁ ወዴት እንደሚቀሰር አውቃለሁ። የእኔም፣ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩት ጡረተኛ ጣት፣ ወደዚያው ነበር።

የቀድሞ ተማሪዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ ስለዚሁ ጉዳይ ሠልጥና መጣችና ባጃጅ ገዛች። ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ከገራዶ ገጠር ደሴ ሐኪም ቤት ልታደርስ፤ ያለው የአቅሙን ይከፍላል፣ የሌለው መርቆ ይወርዳል። በቀረው ጊዜዋ ከሰኞ ገበያ ዕቃ እያመላለሰች ነዳጇን ትሸፍናለች። እሰይ ነው ያልኩት! የእጅ ጽሕፈቴ ያምራልና፣ ባጃጇ ላይ የሚጻፈውን ለእኔ ተዪው አልኳት። የገራዶ ገበሬ ሙስሊም ስለሆነ በገዛ ቃሉ ላናግረው ብዬ፣ በትልልቁ «የእናቶች ሰደቃ» ብዬ ጻፍኩ። ምጽዋት፣ ችሮታ ማለቴ ነው።

ዘሀራ ጥቂት አየችውና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አይከብድም?» አለችኝ።

«አማርኛ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ባጃጇን አስነሳች። ምን ታድርግ፣ መምህሯ ነኝ።

አልደብቃችሁም፣ ጽሑፌ ሲደነቅ ለማየት በመጀመሪያው ቀን አብሬያት ገራዶ ወረድኩ። አባ ይማም የሚባሉ አዛውንት ገበሬ፣ ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ደግፈው መንገድ ዳር ቆመዋል። ዘሀራ አጠገባቸው አቆመች። ሰውዬው ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አስተግፊሩላህ! ልጄ በቁሟ ሳለች ሰደቃዋን ልታወጡ ነው?»

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ወሎ ተወልጄ፣ ከጎረቤት ሰደቃ እየበላሁ አድጌ! ሰው ሲሞት ለነፍሱ የሚደገሰውንም ድግስ ሰደቃ እንደምንለው እንዴት ጠፋኝ? ዘሀራ ወርዳ ለመነቻቸው፣ ወላሂ ብላ ማለች፤ እሺ አላሉም። «ሚስኪንም አይደለን፣ ሬሳም አልያዝን» አሉና፣ ለትርፉ የሚሠራውን ሌላውን ባጃጅ ጠበቁ። እሱ ደሴ ሰው ሊያደርስ ወጥቷል። ቆየ። በጣም ቆየ። ሲመጣ ማንነታቸውን አልጠየቀ፣ አላዘነላቸው፤ «ይግቡ» ብሎ ይዟቸው ሄደ። እኛ በባዶ ባጃጃችን ከኋላ ከኋላ ተከተልን።

ልጅቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሟ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ጽሑፉን በዚያው ቀን ፋቅሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱ ነጋዴዎች ሲወራ ብዙ አልናገርም። ያኛው ትርፉን ፈልጎ ሰውን ደንበኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ እኛ ልንረዳው ስንነሳ አስቀድመን ሚስኪን አደረግነው። የዘሀራ ሐሳብ ግን ዛሬም ልክ ነው። ዘሀራ ምንም ባልተጻፈበት ባጃጅ አሁንም ወላድ ታመላልሳለች፤ ገራዶም ይሳፈራል።

በቀደም አባ ይማምን ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ፣ «መምህር፣ ያንን ቃል የጻፈውን ሰው ያውቁታል?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ሐዘን አናግሮኝ ብዙ ረግሜዋለሁ። ካገኙት አውፍ ብዬዋለሁ፣ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉልኝ፤ እሱም አውፍ ይበለኝ።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «እነግረዋለሁ» አልኩ።

«አላህ ይስጥልኝ» አሉና፣ እንደ አገራችን ወግ ጎንበስ ብለው ቀኝ እጄን ሳሙኝ።