ያልተለቀሰላት እናት

በዚህ ሙቀት መጽሐፍ ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ላቡ ገጹን ያጣብቀዋል። ልጄ ትርንጎ ግን ኮኪት እስካለው የሰሊጥ ማሳችን ድረስ ይዛው ትመጣለች። ማን ሰጣት? ገንዳ ውሃ ከተማ የሚያስተምረው መምህሩ ደሳለኝ። ደሳለኝስ ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱን ነው እኔም ለማወቅ የተቸገርሁት።

ሊያገባት ፈልጓል። እሑድ ሽማግሌ እንደሚልክም አስነግሯል። አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ አይቼዋለሁ። ጨዋ ነው፣ ትሑት ነው። ግን አይስቅ፣ አይቆጣ። ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት እንኳ ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። እናንተዬ፣ ዶሮ ወጥ እኮ ነው! ትርንጎ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለኋት እኔው ብቻ ነኝ። እንዴት አድርጌ ለድንጋይ አሳልፌ ልስጣት?

እኔ ጸሎቴን ከማድረስ ያለፈ ንባብ የለኝም። ሆኖም ሰው የወደደው መጽሐፍ ሆዱን ሳያሳይ አይቀርም ብዬ፣ «እስቲ ያን የሰጠሽን አንብቢልኝ» አልኋት።

ጊዜው አጨዳ ነው። ሰሊጥ ደርሶ በቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ስለዚህ የምናርፈው ፀሐዩ አናት ሲበሳ ብቻ ነው። ዳስ ሥር ቀዩን የከረከዴ መጠጣችንን ይዘን ቁጭ እንላለን። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው ሠራተኞች፣ ዙሪያውን ጋደም ይላሉ። ትርንጎ ታነባለች።

መጽሐፉ የአንድ ልጅ አስተዳደግ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጢም እስኪያወጣ። አጻጻፉስ? ማር ነው! ዝናብ መጣ የሚለውን ስታነብ ዳሱ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ታጭዶ የቆመ ሰሊጥ ዝናብ ከመታው አለቀለት ማለት ነዋ። አያልነህ የሚባለው የጎጃም ሰውማ ነዶውን ላልብስ ብሎ ሸራ ፍለጋ ወጥቶ ነበር።

የመጽሐፉ ሰዎች ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ። አባትየው ልጁን ቆሞ ያየዋል። ልጁ በመስኮት ያያል። እናትየው ደመና ታያለች። ሁሉም ያያል፣ የሚናገር የለም። አያልነህ ቢቸግረው፣ «እነዚህ ሰዎች ቤቱን ሊከራዩት ነው እንዴ የሚያዩት?» አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሥራ ስለሌለ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ እዚያው ዳሱ ሥር ረዘም አድርጋ አነበበችልን። እናትየው ሞተች። ልጁ ምን አደረገ? የመስኮቱን አቧራ በጣቱ ጠረገ። ምዕራፉ አለቀ።



«ከዚያስ?» አለ አያልነህ።

«ከዚያማ ልጁ ከተማ ገባ» አለች ትርንጎ።

«ሳይለቀስላት?»

«አልተጻፈም።»

«ባይጻፍስ! የሰው እናት እንዲህ ዝም ተብላ ትቀበር?»

ብድግ አለና ነጠላውን ዘቀዘቀ። እናቱን ደጋ ትቷት የወረደ ሰው ነው፤ ሌሎቹም እንደዚያው። «ወይኔ እናቴን!» ሲል አንዱ ተቀበለው፣ ሌላው ሙሾ አወረደ። እኔም የትርንጎ እናት ትዝ አለችኝና ፊቴን ተከናንቤ ማልቀስ። ትርንጎ መጽሐፉን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች።

ለካስ ሽማግሌዎቹ በማሳው መሐል እየመጡ ኖሯል። ደሳለኝ መንገድ ሊመራቸው አብሯቸው መጥቶ፣ ያመጣቸው ባጃጅ ዘንድ ሊጠብቃቸው ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ሽማግሌዎቹን ቀድሟቸው ሮጠ። ያ ዶሮ ወጥ ያላነቃነቀው ሰው፣ ትርንጎ ስትንሰቀሰቅ ቢያይ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «ወይኔ ጋሽ ውበቱን!» እያለ ዳሱ አፍ ላይ ተዘረረ።

ጋሽ ውበቱ ማለት እኔ ነኝ። የራሴን ለቅሶ በጆሮዬ ሰማሁት! ደግሞ ያምራል።

ነጠላዬን ገለጥ ሳደርግ ዓይን ለዓይን ገጠምን።

«ጋሼ! አልሞቱም እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ የሞተችው የመጽሐፍህ ሴትዮ ናት» አልሁት።

ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ደርሰው፣ ለልጅ ጥየቃ ያዘጋጁትን ንግግር ዋጥ አድርገው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉን። እኔ ግን ሳይጠይቁኝ «ሰጥቻለሁ!» አልሁ። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው እንዴት ድንጋይ ይባላል?

ከሸኘናቸው በኋላ ትርንጎን፣ «አየሽ፣ እንዴት እንደሚወደኝ!» አልኋት።

ሳቋ እያመለጣት፣ «አባባ፣ እኔም ለምን እንዲያ እንዳለቀሰ ጠይቄው ነበር። እርስዎ ከሞቱ ሰርጉ ሙት ዓመትዎ እስኪያልፍ ይቆያል ብሎ ነው» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ሰጥቻለሁ ብያለሁ። ደግሞም ለዚህ ብሎም ቢሆን አልቅሷል፤ መስኮት አልጠረገም። አሁን የቸገረኝ አያልነህ ነው። ለሴትዮዋ ተዝካር ካልወጣ ማጭድ አልይዝም ብሏል። «ማን ይደግስ ታዲያ?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ልጅየው ነዋ! ከዚያ መስኮት ይነሣና!»