የእድሩ ጥሩምባ እና ጋሽ ዴል

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ አስናቀ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ የመኪናውን መቀመጫ ወደ ኋላ አስተኝቶ ሸለብ ሲያደርገው ሕልም አየ። ሰው በጠራራ ፀሐይ ሕልም የሚያየው ሐሳብ ሲበዛበት ነው፤ እሱም በዝቶበት ነበር። በሙያተኛ ቪዛ የመጣው፣ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሃያ ስድስት ዓመት የተንከባከቡትን የአሜሪካዊውን የዴልን ሥራ ሊረከብ ነው። ስልሳ የሞላቸውን ሰው "ዴል" ብሎ መጥራት ስለከበደው በልቡ "ጋሽ ዴል" ይላቸዋል። ጋሽ ዴል የታዘዙት አስናቀን አሠልጥነው እንዲሰናበቱ ነው፤ እሱ "ገብቶኛል" ብሎ የፈረመ ቀን እሳቸው ይወጣሉ።

ሥልጠናው የአራት ሳምንት ነበር። አስናቀ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ገብቶታል። ግን የጋሽ ዴል ባለቤት ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቃቸው፣ የሕክምና ኢንሹራንሱም ከሥራው ጋር እንደሚቋረጥ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ "ገብቶኛል" ለማለት አፉ እምቢ አለው። "ይቅርታ፣ እስቲ እንደገና ያሳዩኝ" እያለ ስምንት ሳምንት አደረሰው። ትናንት ጠዋት አለቃው ጠርቶት፣ ዛሬ እስከ ሰባት ሰዓት ካልፈረምክ ቪዛህ ይሰረዛል አለው።

በሕልሙ የጋሽ ዴል ቤት ከነሣሩ አስናቀ ባደገበት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጧል። የኤምባሲ ሠራተኞች ፎልደር ታቅፈው በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ጋሽ ዴል በማዕድ ቤታቸው መስኮት አንድ በአንድ ይጠይቋቸዋል።

"ቪዛውን ከሰጠኸኝ በኋላ ወደ ቢሮህ እንደምትመለስ ምን ማስረጃ አለህ?"

ሠራተኛው የልጆቹን ፎቶግራፍና የቤቱን ካርታ አወጣ። ጋሽ ዴል አዘኑለትና ቪዛውን ተቀበሉት። ሠራተኛው ደስታውን አልቻለም፣ ማኅተሙን ሳመው።

ቪዛው ላይ "ጥሩምባ ነፊ" ይላል። አስናቀ ወደ እጁ ቢያይ የእድሩን ጥሩምባ ይዟል። ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሞት ጥሩምባ እየነፋ ለሰፈሩ የሚያረዳው እሱ ኖሯል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ቢተው ከሞቱ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም ሥልጣናቸውን አላስረከቡም። አገሩን ብናስስ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ጠፋ አሉት።

"እኔስ?" አለ አስናቀ።

"ማስታወቂያ አውጥተን ነበር፤ አላመለከትክም።"

ማስታወቂያው የተለጠፈው እድሩ ዕቃ ቤት፣ ትልቁ ብረት ድስት ውስጥ፣ ከሥር ነበር። ክዳኑም ተከድኗል። በል እንግዲህ በቪዛ የመጣውን አሜሪካዊ አሠልጥነውና ትሰናበታለህ ብለው አቶ ቢተው ወደ መቃብራቸው ሄዱ፣ የምሳ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር።

አስናቀ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ወደየት ዞሮ እንደሚነፋ፣ የሟቹ ስም በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር አሳያቸው። ጋሽ ዴል በመጀመሪያው ቀን ሲነፉ በቅሎዎች ተሰለፉ፣ ሙታን ሳይቀሩ ማን ሞተ ብለው ብቅ አሉ። አስናቀ እንደ አሠልጣኝ ኮራ። ወዲያው ግን አሰበ፤ እሳቸው ከቻሉት እሱ ነገ ምን ሠርቶ ይበላል?

በማግስቱ ኮሚቴው ለፈተና ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ዴል ጥሩምባውን ገልብጠው በሰፊው አፉ ነፉት። ምንም አልተሰማም። አዙረው ሞከሩ፤ ሊፈላ የደረሰ ጀበና ድምፅ ወጣ።

"ይቅርታ ጋሽ አስናቀ፣ እስቲ እንደገና ያሳዩኝ።"

"ትናንት እኮ ችለኸው ነበር" አላቸው። አንተ ማለቱ ራሱን አስደነገጠው።

"ዛሬ ጠፋኝ።"

ጆሯቸው ቲማቲም መስሏል። ውሸታቸው ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነበር፤ አቶ ቢተው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፣ በቅሎዎቹም አፍረው ዞር አሉ። አስናቀ ክው አለ። የኔም እንዲህ ያስታውቃል ማለት ነው? ስድስት ሳምንት ሙሉ? አፈረም፣ ደስም አለው፣ እኚህን ሰውዬ አቅፎ መሳም አማረው። እጁን ሲዘረጋ አቶ ቢተው ቆርቆሮውን አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ።

የሚንኳኳው የመኪናው መስታወት ነበር። ጋሽ ዴል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል። አስናቀ ዓይኑን እያሸ መስታወቱን አወረደ።

ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምናውን ጨርሰው ከሁለት ቀን በፊት ቤታቸው እንደገቡ ነገሩት። ደህና ናቸው፤ ሾርባውን ጨው የለውም ብለው መቆጣትም ጀምረዋል። አስናቀ "እንኳን ማራቸው" የሚልበት እንግሊዝኛ አጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እንደገባህ አውቃለሁ" አሉት። "ውሸት አትችልም፣ ጆሮህ ይቀላል። አሁን ግን ፈርም።"

መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመ።

"ገብቶኛል፣ ጋሽ ዴል።" ድምፁን አውጥቶ ጋሽ ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

"ጋሽ ምን ማለት ነው?"

አስናቀ አስረዳቸው። ለታላቅ ወንድም፣ ለአባት ጓደኛ፣ በዕድሜ ለሚበልጥና ለሚከበር ሰው የሚባል ነው አላቸው። ጋሽ ዴል ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሰዓታቸውን አዩ። ለሰባት አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

"አልገባኝም" አሉ፣ ጆሯቸው እየቀላ። "እስቲ እንደገና አስረዳኝ።"