አንቀጽ አራት እና የጋሽ ተሰማ ፊርማ

ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ኮምፒዩተር ለመማር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወጣት ዘመድ መጠየቅ ነው። ወጣት ሲያስተምር አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እጃችሁን ከማውሱ ላይ ገፋ ያደርግና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አድርጎ «ይኸው!» ይላል። ምኑ ነው ይኸው? እንደገና እንዲያሳያችሁ ስትጠይቁት በረጅሙ ይተነፍሳል። ሰውን ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ወደ መጽሐፍ፣ የሚያባርረው ያ ትንፋሽ ነው። መጽሐፍ አይተነፍስም። አሥር ጊዜ ብትመለሱበት «አሁን ነገርኩህ እኮ» አይልም። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪ ላይ ስተነፍስ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ተራው ደርሶኝ እንዲተነፈስብኝ አልፈለግሁም። መጽሐፍ ገዛሁ።

ለምን እንደገዛሁት ለመናገር ስለ እድራችን ማውራት አለብኝ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አስፋልቱ ደክሞት ከቆመበት ወደ እንጦጦ በሚወጣው ኮብልስቶን ላይ ነው። የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነኝ። እንዴት ጸሐፊ ሆንክ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ስብሰባ ላይ ቀረሁ። እድር ውስጥ ሹመት የሚሰጠው ላልመጣ ሰው ነው።

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አራት «የእድሩ አባል መሆን የሚችለው በሰፈሩ ውስጥ የራሱ መኖሪያ ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው» ይላል። ይህን ያስጻፉት የመጀመሪያው ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። በእሳቸው ዘመን ሰፈራችን ውስጥ ብርቁ ተከራይ ነበር። ዛሬ ብርቁ ባለቤት ነው። በዚህ አያያዝ አንቀጽ አራት ሲከበር ከኖረ አንድ ቀን እድሩ ውስጥ የሚቀረው ሬሳና ሊቀመንበር ብቻ ነው።

ከተከራዮቹ አንዷ ነኢማ ናት። ከስልጤ መጥታ አሥራ አራት ዓመት ከቤቴ ፊት ለፊት በሱቅ የኖረች፣ ጓዳዋም ሱቋም አንድ ክፍል የሆነ ሴት ናት። ሰው ሲሞት ከጡሩምባው ቀድማ ትደርሳለች። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ውኃ ታመላልሳለች፣ የማታውቀውን ሟች ከዘመዶቹ በላይ ታለቅሳለች። ሲመሽ ዕቃ አጥባ ትሄዳለች። የስብሰባ ቀን ግን ተከራይ ነችና ከበሩ አታልፍም። ከሦስት ዓመት በፊት የታመሙ እናቷን ከአገር ቤት አመጣችና ከመደርደሪያው ጀርባ አስተኛቻቸው። አንድ ጠዋት ስኳር ልገዛ ብገባ፣ እየመዘነች ቀና ሳትል «መምህር፣ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ድንኳን የሚተክልልኝ ማነው?» አለችኝ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ስኳሬን ይዤ ወጣሁ።

ነገሩን ለኮሚቴው ሳነሳው ሁለት ዓመት ሞላኝ። የአሁኑ ሊቀመንበር ጋሽ ዘውዴ መልሳቸው አንድ ነው፦ «የጋሽ ተሰማን ደንብ አንነካም።» እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሟች ጋር መከራከር የማይወዱ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ስነዘንዛቸው መረራቸውና «እሺ፣ ማሻሻያውን በጽሑፍ አቅርበው፤ እንደ ደንቡ ወግ ይዞ ይቅረብና ጉባኤው ይየው» አሉኝ። ዋናው ወረቀት የእድሩ አዳራሽ ጣራ አፍስሶበት፣ ከድስቶቹና ከድንኳኑ መሀል ረጥቦ ከፈራረሰ ቆይቷል። የቀረን ሳይረጥብ በፊት ፎቶ ተነሥቶ ኮምፒዩተሬ ላይ የተቀመጠ ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ደግሞ እንደምታውቁት ይታያል እንጂ አይነካም። ስለዚህ መጽሐፍ።

አራት ኪሎ መንገድ ዳር የገዛሁት መጽሐፍ ሽፋኑ «ፒዲኤፍ ማረም በሰባት ቀን» ይላል። መጽሐፉ የመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ወረቀት ለሰው ልጅ ያበረከተውን አስተዋጽኦ ይተነትናል፤ እዚህ ላይ አንድ ቀን ሄደ። ከዚያ በየገጹ «ከታች ባለው ሥዕል በግልጽ እንደሚታየው» ይላል። ከታች ያለው እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ አራት ማዕዘን ነው። ደራሲው አገሩን የሚወድ ሰው በመሆኑ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ሁሉ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ «መዘርዝሩን ዘርግተው ማርትዕ የሚለውን ይጠቁሙ» ይላል። የእኔ ኮምፒዩተር ይህን አልሰማም። አማርኛውን መልሼ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም የኬሚስትሪ ደብተር የሚያህል መዝገበ ቃላት አዘጋጀሁ። በሰባተኛው ቀን ሁለተኛው ቀን ላይ ደረስኩ።

አንድ ጊዜ መጽሐፉ «ፊደላቱን እንዲያነብ ይዘዙት» ባለኝ መሠረት አዘዝኩት። ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል አያውቅም መሰለኝ፣ መተዳደሪያ ደንባችንን ከአንቀጽ አንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ወደ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ለወጠው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ አንቀጽ ከበፊቱ ይልቅ ግልጽ ሆኖ ነበር። ቢሆንም መለስኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ መብራትም ደግ ሆኖ በዋለበት ቀን፣ ገባኝ። ለካ ዘዴው ቀላል ነው፤ አሮጌው ጽሑፍ ላይ ነጭ ሳጥን ይለጠፋል፣ ሳጥኑ ላይ አዲስ ይጻፋል። «የራሱ ወይም የተከራየው መኖሪያ ቤት ያለው ሰው ነው» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ አይኖርም ነበር። ግን ሰው የለፋበትን ነገር ያሳምራል። ሳጥኑ ከወረቀቱ ይልቅ ነጣብኝ፤ እንደ አሮጌ ወረቀት አደበዘዝኩት። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመብኝ፤ እንደ ሌላው መስመር ትንሽ አዘመምኩት። ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ሳየው እኔ ራሴ የጨመርኩት የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከገጹ ግርጌ የጋሽ ተሰማ ፊርማና የእድሩ ክብ ማኅተም አሉ። ማሻሻያ ሲሆን መጥፋት እንዳለባቸው ልቦናዬ ያውቃል። ነጩን ሳጥን ይዤ እዚያ ድረስ ወረድኩ። እጄ እምቢ አለኝ! እኔ ማኅተም ሲባል ወላጆቼ ከመቀመጫቸው ሲነሱ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማኅተም ላይ ነጭ ቀለም መቀባት እንደ ወንጀል ታየኝ። ተውኩት። መጽሐፉ በዚህ ረገድ ሊረዳኝ ይችል ነበር፤ ማውጫው «በረቂቅ ሰነዶች ላይ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ፣ ገጽ 62» ይላል። የእኔ መጽሐፍ ከ61 ወደ 66 ይዘላል።

ታተመ፣ ተባዛ፣ ጡሩምባ ነፊው በየቤቱ አዳረሰው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ሞላ። ነኢማ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አድርገው አንቀጽ አራትን ጮክ ብለው አነበቡ። ጨርሰው ሊቃወሙ ትንፋሽ ሲወስዱ ዓይናቸው ወደ ግርጌው ወረደ። ፊርማውን አዩ፤ ማኅተሙን አዩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው እንደገና አዩ።

«ጉድ ነው!» አሉ። «ለካ ድሮም እንዲህ ነው የሚለው! ይህን ሁሉ ዘመን ደንቡን ሳናነብ ነው የኖርነው!»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከመሀል አንዱ «እኔ እኮ ድሮም እንዲህ ይመስለኝ ነበር» አለ። ሌላው ጋሽ ተሰማ ይህን ሲያስጽፉ በቦታው እንደነበረ መሰከረ። እኔ ተነሥቼ «ይቅርታ፣ ይህ ረቂቅ ነው፤ አንቀጽ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጋሽ ተሰማ ፊርማ ከአሮጌው የቀረ ነው» አልኩ።

«መምህር፣ ተቀመጥ» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «ማኅተም ያለበትን ወረቀት ረቂቅ ነው ስትል አታፍርም?»

«ዋናው ኮምፒዩተሬ ላይ አለ፤ ላምጣላችሁ!»

«ኮምፒዩተርህ ማኅተም አለው?»

ከኋላ አንድ ሰው «መምህር ለካ ተከራይ አይወድም!» አለ። ዞር ስል ዓይኔ ከነኢማ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። አልተቆጣችም። ዓይኗን ብቻ ወደ መሬት አወረደች፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ለመቁረጥ የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ተጠሩ። ወረቀቱን ተቀብለው አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ። «ፊርማው የእሱ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሐሰት የለበትም፣ ፊርማው የእሳቸው ነው። እኔ ግን ለኅሊናዬ ስል «ለቃለ ጉባኤው እንኳ ድምፅ ይሰጥበት» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ጋሽ ዘውዴ «የነበረ ደንብ ላይ ምን ድምፅ ያስፈልጋል?» ቢሉም፣ እኔን ለማሳፈር ብለው እጅ አስወጡ። አንድም እጅ አልቀረም። ሁለት ዓመት ሙሉ «አይነካም» ሲል የኖረ ሰው ሁሉ እጁን ጣራ አስነካ። ነኢማ ገብታ እንድትቀመጥ ቦታ ተለቀቀላት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በእኔ ላይ እያደር ደፈረሰ። ነኢማ ሱቅ ስሄድ ያዘዝኩትን በትሕትና ትሰጠኛለች፤ ወሬ የለ፣ ምርቃት የለ። አንድ ቀን «ነኢማ፣ ያን አንቀጽ እኮ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «እሺ መምህር» አለችኝ። እንዲህ ያለ «እሺ» የሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ኅዳር ላይ እናቷ አረፉ። ጡሩምባው የእሳቸውን ስም ጠራ። ከሱቁ ፊት ለፊት ድንኳኑ ተተከለ፤ አንዱን ካስማ ጋሽ ዘውዴ በገዛ እጃቸው መቱት። እኔም ገብቼ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ በላይነሽ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያን ነገር የጻፍከው አንተ ነህ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ተናገርኩ እኮ፣ እትዬ!»

«ሰምቻለሁ። ደንቡ የተጻፈ ዕለት ተከራይ ይግባ ብዬ ለምኜው ነበር። እኛም እኮ የሰው ቤት ኖረናል። እምቢ አለኝ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።» ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት። «አንተ ከሞተ በኋላ እሺ አስባልክልኝ። በል አሁን ዝም በል።»

ወዲያው ነኢማ ከሐዘንተኞቹ መሀል ተነሥታ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ከፊቴ ቆማ «መምህር፣ አባል መሆኔ ቅር ብሎዎት ሳለ እንኳ ስለመጡ አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የእትዬ በላይነሽ ዱላ እግሬ ላይ አረፈ። «ያጽናሽ ልጄ» ብቻ አልኩና ሌላውን ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ለእናንተ የነገርኳችሁ ቢያንቀኝ ጊዜ ነው። ወደ ሰፈራችን ብቅ ካላችሁ ግን አደራ፣ አትናገሩ። ደግሞስ ብትናገሩ ማን ያምናችኋል? ማኅተም የላችሁም።