ስኳር ያለበት ቤት

በየከተማው የሰው ብርጭቆ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። መቱ ላይ ይህን ሹመት ማንም ሳይሰጣቸው የያዙት ክብርት እትዬ ትብለጥ ነበሩ። ለስላሳ ከፍተህ ገና ከንፈርህ ሳይነካው «ዲሲ! ተው ብያለሁ!» የሚል፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ የቀላቀለ ድምፅ ከኋላህ ይመጣል፤ ጠርሙሱም ከእጅህ ይሄዳል። ሙሽራ እንኳ አይምሩም።

ባለቤታቸውን የገደለው ስኳር በሽታ ነው። መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ እግሩ ተቆረጠ፤ ጠያቂው ሁሉ ግን ለስላሳ ይዞለት ይመጣ ነበር። ከቀበሩት በኋላ ሴትዮዋ አላረፉም። እድሩን ለምነው ለቅሶ ቤት ለስላሳ እንዳይገባ አስወሰኑ። ባለ ሻይ ቤቱን ሙሐዲንን ነዝንዘው ነዝንዘው ስኳሩን ከሻዩ ለይቶ እንዲያቀርብ አደረጉት። «ኧረ በአላህ እትዬ፣ ደንበኛ አባረሩብኝ!» ይል ነበር ምስኪን። የቀረው ቀበሌው ነው።

በስብሰባ ቀን ብድግ አሉ። ያኔ ስኳር በራሽን ነው፤ የደበቀ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል፣ ታስሮ የቀረም አለ። እሳቸው እቴ፣ ይህ መች ትዝ አላቸው!

«ጓዶች፣ ሰፈራችን ስኳሩን እየደበቀ አለቀ! ይኸው ወልደ የሱስ ቤት ስኳር አለ፤ አፍሮ ነው የሚደብቀው!»

ወልደ የሱስ እኔ ነኝ።

የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቤቴን በረበሩ፣ ፍራሼን ቀደዱ። አንድ ማንኪያ ስኳር ሲያጡ «የት አሸሸኸው?» ብለው አሰሩኝ። በየቀኑ የምወጋው መድኃኒት ቤት ቀረ። በማግስቱ ምላሴ ደርቆ፣ ዓይኔ ፈዞ ተዘረርኩ። አንድ አዛኝ ዘበኛ ለስላሳ አመጣልኝ። ላንደቀድቀው ስል ከመስኮቱ ውጭ «ዲሲ! ይገድልሃል!» ተባለ። እንዴት አድርጌ ረገምኳቸው!

እሳቸው ግን መድኃኒቴን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በሩ ላይ ቆመዋል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስኳሩ ጓዳው አይደለም፣ ደሙ ውስጥ ነው! ያበላሸው የኔ ምላስ ነው፣ እኔን እሰሩኝ!» ገፈተሯቸው፤ ወደቁ፤ ተነስተው ያንኑ ደገሙት። በመጨረሻ መድኃኒቱ ገባልኝ፣ እኔም ተለቀቅሁ። እትዬ ትብለጥን «ሕዝብ አሳስተዋል» ብለው በኔ ቦታ አስገቧቸው። ከዚያ በመኪና ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረን አጣን።

ዓመት አለፈ። ትናንት እልህ ይዞኝ ሙሐዲን ጋ ለስላሳ አዘዝኩ። ጠርሙሱን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ከኋላዬ የመጣ ድምፅ የለም።

ሙሐዲን ከባንኮኒው ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ዲሲ» አለኝ፤ ጠርሙሱንም ከእጄ ወሰደው።