ስድሳ ሦስቱ ዲቴሎች ከወልድያ ወደ መርሳ የዘመቱበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን በያዘ፥ የወልድያ ሰው ከስደቱ ተመልሶ የተነቀለ በሩን መልሶ ይገጥም በነበረ ጊዜ፥ በወርኃ ግንቦት በዐሥራ አምስተኛው ቀን፥ በዕለተ ሰኑይ፥ መስመር አቅኚው፥ ማዕዘን አስተካካዩ፥ የሕንፃ ነዳፊው ኢዘዲን ዘወልድያ ከጓሯቸው ፓፓያ ሥር ተንበርክከው በሾርባ ማንኪያ አፈር ሲምሱ ጎረቤቱ ሁሉ አየ። ወርቅ ነው ያለም ነበር፤ ቦንብ ነው ብሎ ልጆቹን ያሸሸም ነበር። እትዬ ሙሉወርቅ ግን፥ እርሳቸው ሳያዩ በሰፈሩ ድመት እንኳ የማትወልድባቸው ጎረቤት፥ ባጥሩ ላይ ብቅ ብለው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ! ኢዘዲን ወርቅ ቀብሮ ኖሯል! እኛ ድስታችንን እሳት ላይ ጥለን ስንሮጥ፥ እሱዬው ለካ ሲቀብር ነበር!»

ኢዘዲንም ከጉድጓዱ አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው፥ አንዱን ፌስታል ሲፈቱ ሌላ ፌስታል፥ ሌላውን ሲፈቱ ሦስተኛ ፌስታል፥ በመጨረሻም የአውራ ጣት የምታህል አንዲት ፍላሽ ብቅ አለች። እርሷንም ወደ ላይ ከፍ አድርገው መለሱ፦

«የሰፈር ሰው ሆይ! ወርቅም አይደለም፥ ቦንብም አይደለም። እዚህ ውስጥ ያለው አሸንዳ፥ ደረጃና የመስኮት ደፍ ነው። በጠቅላላው ስድሳ ሦስት፥ አልሐምዱሊላህ፥ አንዱም አልጎደለ!»

እትዬ ሙሉወርቅ ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸውም በዚያ ዓመት ከታዩት ተአምራት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን፥ «ስድሳ ሦስት አሸንዳና ደረጃ በአንድ የወተት ጣሳ? ወይኔ ልጄን! ይህ ጦርነት ያልነካው ሰው የለም» ብለው፥ አናታቸው ላይ ያፈስሱት ዘንድ አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውኃ ባጥር አቀበሏቸው።

የነገሩ ሥር ግን ይህ ነው። ኢዘዲን ቤት የሚነድፉት በላፕቶፕ፥ ግድግዳውና ጣራው እንደ እውነተኛ ቤት ቆሞ በሚታይበት ፕሮግራም ነው። ግድግዳ ማቆም በዚያ ፕሮግራም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰውን የሚያስረጀው፥ ባለሙያዎች ዲቴል የሚሉት ነው፤ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደሚጋጠም፥ አሸንዳው በስንት ሚስማር እንደሚያዝ፥ ዝናቡ በየት ወርዶ በየት እንደሚሄድ አንጓ አንጓውን የሚያሳይ ሥዕል። ኢዘዲን አንድ ዲቴል በደንብ ከሣሉ አይጥሉትም፤ ከአንዱ ቤት ፋይል ቀድተው ያስቀምጡታል፥ ለሚቀጥለው ቤት ያውሉታል። በዚህም ወዳጆቻቸው፥ «የአንዷን ሙሽራ ቀሚስ ለሌላዋ ታለብሳለህ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ላፕቶፓቸው በዚያ ክፉ ወራት ተወስዷል፤ ፍላሿ ግን ፓፓያውን እያደመጠች ከርማለች።

ያን ዕለት ማለዳ ደግሞ ከመርሳ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለች አንዲት የማዋለጃ ክፍል ጣራው በጦርነቱ ሄዷል፤ እናት ስታምጥ ሁለት ሴቶች ከላይ ላስቲክ ዘርግተው ይይዛሉ፤ ባለፈው ሐሙስ አንዷ ክንዷ ዝሎ ብትለቀው ሕፃኑን ከአዋላጇ ቀድሞ ዝናቡ አጠበው። እነሆም እርዳታ ሰጪዎች ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይዘው መጥተዋል፤ ነገር ግን ከነዲቴሉ የተሟላ ንድፍ እስከ ዓርብ ጁምዓ ድረስ ዕቃውን ለሚያድለው የመርሳ ኮሚቴ ካልቀረበ ዕቃው ወደ ሌላ ወረዳ ይሻገራል። አዋላጇ ሲስተር ኢሕሳን በደብዳቤው ግርጌ በእጇ ጽፋ ነበር፦ «ወንድም ኢዘዲን፥ ክረምቱ ከጣራው ቀድሞ ከገባ እኔ አዋላጅ መባሌ ይቅርና ጃንጥላ ያዥ በሉኝ።»

ስለዚህ ኢዘዲን ክተት ሠራዊት አሉ። ጎረቤታቸው ካሕሱ፥ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፥ ሱቁ ባዶ ሆኖ የቀረችለትን ላፕቶፕና ማተሚያ ይዞ ተከተላቸው፤ ላፕቶፗም ከአምስት ፊደሎች በቀር ሁሉም ነበራት። መብራት በቀን ሦስት ሰዓት ይመጣል፤ ሲመጣ ኢዘዲን ይዘምታሉ፥ ሲሄድ ይሰፍራሉ። በሰኑይና በሠሉስ በላፕቶፗ ላይ የማዋለጃውን ግድግዳ አቆሙ። ረቡዕ ፍላሿን ሰክተው ዲቴሎቹን አንድ በአንድ ጠሩ፤ ከተጠሩትም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ከወልድያው ፎቅ የመጣው ደረጃ፥ አንድም ሽማግሌ ያላደናቀፈ፤ ከመርሳ መማሪያ ክፍል የመጣው የመስኮት ደፍ፥ የሁለት መቶ ተማሪ መቀመጫ ሆኖ ያልተሰነጠቀ፤ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን የመጣው የመሠረት ላስቲክ፥ እርጥበትን «ወደመጣህበት» የሚል፤ ከእነርሱም ሁሉ በላይ፥ የጦሩ ፊታውራሪ፥ ከግራና ወፍጮ ቤት የመጣው የጣራ ጠርዝ ከነአሸንዳው። ኢዘዲን ይህንን ሲስሉ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸው ነበር፤ አሁን በሁለት ጠቅታ ማዋለጃው ጣራ ላይ ወጥቶ ተሰየመ። ካሕሱም፥ «ኧረ ጉድ ነው፥ ወዛደርም አልፈለገ!» ሲል ምስክርነቱን ሰጠ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፥ የባትሪዋ ነፍስ አራት በመቶ ሲቀራት፥ ሁሉም በወረቀት ታትሞ አለቀ። ወእምዝ፥ ዓርብ በማለዳ ኢዘዲን ንድፉን ጠቅልለው፥ የሰፈሩ ሕዝብ እስከ መናኸሪያ ሸኝቷቸው፥ በሚኒባስ ከአንዲት ፍየል ጎን ተቀምጠው ወደ መርሳ ዘመቱ። ፍየሊቱም የጥቅሉን ጫፍ ልትበላ ሦስት ጊዜ ብትሞክር ሦስት ጊዜ መለሷት።

በመርሳ ኮሚቴው ተሰብስቦ፥ ሲስተር ኢሕሳንም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ኢንጅነር ስዩም፥ መርማሪው፥ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ወረቀቱን ገለጡ። በመጀመሪያው ገጽ ራሳቸውን ነቀነቁ፥ ኢዘዲንም ደስ አላቸው። በሁለተኛውም ነቀነቁ። በአምስተኛው ገጽ ግን ቀጥ አሉ፤ ገጹንም ወደ ጉባኤው አዙረው፥ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

«የማዋለጃ ክፍል። ‹በዚህ በኩል እህል ይገባል። በዚያኛው ዱቄት ይወጣል። ወረፋ የያዙ ሴቶች ጆንያቸውን እዚህ ያስደግፉ።›»

ዲቴል ሲዘምት በጎኑ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ስንቅ ተሸክሞ እንደሚዘምት ኢዘዲን ያውቁ ነበር፤ በችኮላው ግን ስንቁን አልፈተሹም። ላባቸው ከግንባራቸው ወርዶ፥ አሸንዳ አጥቶ፥ በአንገታቸው ገባ። እንዳያርሙት የመርሳ መብራት ጠፍቷል፤ እንዳይመለሱ ጁምዓ ቀርቧል። ኢንጅነር ስዩምም፥ «ይህ ንድፍ ለወፍጮ ቤት እንጂ ለእናቶች አይደለም» ብለው ወረቀቱን ሊመልሱላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

በዚህ ጊዜ ከጥግ፥ ለጉባኤው የተጠሩት የግራናው ሽማግሌ ሐጂ ሙባረክ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ እንዲህም አሉ፦

«ቆይ! ወላሂ ይህ የኔ ወፍጮ ቤት ነው! ጆንያ ይደገፍ ያልኩትም እኔው ነኝ፤ በሩ ላይ እየከመሩ መግቢያ ቢያሳጡኝ!»

ኢዘዲን ጣራ ሰረቀ ሊባሉ መስሏቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐጂም ወደ መርማሪው ዞሩ፦

«እና አንቱ ኢንጅነሩ፥ ጽሑፉን ነው ወይስ ጣራውን የምትመረምሩት? በዚህ ጣራ ሥር ሁለት ክረምት ፈጨሁ። ዘንድሮ እንኳ በሬን ነቅለው፥ ሞተሬን ወስደው፥ ጣራው እንዳለ አለ። ዱቄት እኮ አንዲት ጠብታ ነው የምታበላሸው፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችበትም! ዱቄቴን ያላረጠበ ጣራ አራስ ያረጥባል? በሉ እስቲ!»

ኢንጅነር ስዩም መነጽራቸውን አወለቁ፥ ጠረጉ፥ መልሰው አጠለቁ። ንድፉን ከጣራው ጠርዝ እስከ አሸንዳው መውረጃ እንደገና በጣታቸው ተከተሉ፤ እንከንም አላገኙበትም። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው እህሉን ሰረዙ፥ ዱቄቱን ሰረዙ፥ በጆንያው ላይ ጥቂት አመነቱና እርሱንም ሰረዙ፤ በጎኑም «በምስክር የተፈተነ ጣራ» ብለው ጽፈው፥ አዛን ሳይወጣ ማኅተሙን አሳረፉ። ቆርቆሮውም በመርሳ ቀረ።

ያን ጊዜ ሐጂ ሙባረክ መረቁ፥ ኮሚቴው አጨበጨበ፥ የኢዘዲንም ስም ከፍ ከፍ አለ። እነሆ ኢዘዲን ዘወልድያ፥ በሁለት ጠቅታ ሦስት ሳምንትን ድል የነሡ፥ የግራናን አሸንዳ በመርሳ ሰማይ ያነገሡ፥ ፍየልን የመከቱ፥ አሮጌውን ሳይጥሉ አዲሱን ያቆሙ፥ የጣራ ሁሉ አባት፥ የዝናብ ሁሉ ባላንጣ ተባሉ። ስማቸውም በማዋለጃው በር ላይ በእብነ በረድ ተቀርጾ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ዘንድ ሐሳብ ቀረበ፤ ሁሉም እጁን አወጣ።

ሲስተር ኢሕሳን ብቻ እጇን አላወጣችም። በመስኮቱ ወደ ደመናው አየት አድርጋ፦

«እስቲ መጀመሪያ ይዝነብ» አለች።