መምህርት ኦውያንግ እና ዓሣ የሌለው ሐይቅ

ሰው ሁሉ «አለቀ!» ብሎ ሲያጨበጭብ «ቆይ እስቲ» የሚል አንድ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። የእናንተ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰው ገና ከሌለው፣ በር ላይ ናቸው፤ እየመጡ ነው። የእኛዋ፣ በቻይና የናንቻንግ ከተማዋ፣ ክብርት መምህርት ኦውያንግ ናቸው።

ሥራችን መሬት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ ለኮምፒውተር አሳይተን የወደፊቱን ማስገመት ነው። እርሻው፣ ደኑ፣ ውሃው፣ ከተማው ካርታ ላይ በየቀለሙ ይወጣል። እኛ ነገን ለማየት ስንጣደፍ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያወርዱና «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ያለፈውን ይንገረን!» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ከድሮው ካርታ ተነስቶ የዛሬውን ካልገመተ ምሳ የለም።

አመሉ ቢሮ ቢቀር ምናለ! ሐብሐብ ሻጩን «ያለፈው ሳምንቱስ ጣፍጦ ነበር?» ብለው ያፋጥጡታል። ለልጃቸው ባል ይዛ የመጣች አገናኝ «ልጁ ወደፊት ትልቅ ሰው ይሆናል» ብትላቸው፣ «ያለፉትን አሥር ዓመታት ያሳየኝ» ብለው ሸኟት።

ባለፈው ሚያዝያ ተራው የእኔ ሆነ። የፖያንግን ሐይቅ ዳርቻ ሠራሁ። ኮምፒውተሬ ሐይቁ እየሰፋ መሆኑን አይቶ የሊያኦን መንደር ማሳ በሙሉ ውሃ እንደሚውጠው ተነበየ። ካርታው ሐሙስ ለወረዳው ስብሰባ ይቀርባል፤ ውሃ የተባለ ማሳ ደግሞ ግንባታ ከማይፈቀድባቸው የተጠበቁ እርሻዎች መዝገብ ይሰረዛል። ዳይሬክተራችን ፒ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ መምህርት። «ይሄ ሐይቅ ዓሣ አለው?»

«መምህርት፣ እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ እንዴ?»

«ነገ ትሆናለህ። ቦት ጫማህን ያዝ።»

በማግስቱ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ደረስን። «ሐይቄ» መሐል አንድ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ችግኝ ይተክላሉ።

«አጎቴ፣ ሐይቅ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«የምን ሐይቅ? ሩዝ ነው እንጂ! ለተከላው ውሃ ለቀንበት ነው። አይ የከተማ ልጅ!»

በቀን ሦስቴ ሩዝ የምበላው ሰውዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መምህርት አልተቆጡኝም፤ ሽማግሌውን «ዓሣስ አለው?» ብለው አሳቋቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «የድሮው የሳተላይት ምስል የስንት ወር ነው?»

«የጥቅምት። አጨዳ ካለቀ በኋላ።»

«አዲሱስ?»

«የ... ሚያዝያ። ደመና የሌለው እሱ ብቻ ነበር።»

«እንግዲህ ሐይቁ አልሰፋም፤ ወሩ ነው የተለየው።»

ተመልሰን፣ ደመና ቢኖርበትም የቅርቡን ጥቅምት ምስል ወስደን፣ ሁለቱንም የጥቅምት አድርገን፣ ሁሉን ከሀ ጀመርን። ሐሙስ ሰብሳቢው «ማሳ መሆኑን ማን አረጋገጠ?» ብለው ጠየቁ። ጥፋቴን ልናዘዝ አፌን ስከፍት መምህርት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «እሱ ነው። ጫማውን እዩት፣ ጭቃው ገና አልለቀቀም» አሉ። የሊያኦ መንደር ማሳ መዝገቡ ላይ ጸና። እኔ ግን ያን ቀን የኮራሁት በራሴ አልነበረም።

በመከር ከሊያኦ መንደር አንድ ጆንያ ሩዝ ቢሯችን ድረስ መጣ። ላዩ ላይ በቀለም «ለመምህርቷ፦ ሐይቁ ዓሣ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ተቀቅሎ ቀረበ። ሁላችንም፣ ዳይሬክተር ፒ ሳይቀሩ፣ ቾፕስቲካችንን እንደያዝን ጠበቅን። እሳቸው ቀመሱ። አላመጡ። መነጽራቸውን አወረዱ።

«ብሉ» አሉ።

ከእኚያ ሴት አፍ ያለ «ቆይ እስቲ» የወጣ ይሁንታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ሳሕን በላሁ።